ሪፈረንስ ላይ እንዳይመለስባችሁ፦ የጆርናል ማጣቀሻን ከሥሩ ማስተካከል

ጽሑፉ አልቋል። አድቫይዘራችሁ አይተውታል፣ አብረዋችሁ የሠሩትም "ይሂድ" ብለዋል። የቀረው ሪፈረንስ ብቻ ነው ብላችሁ ማታ ላፕቶፕ ትከፍታላችሁ። ያ "ብቻ" የተባለው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ይዟችሁ ያድራል።

አንዳንዱ ሰው ሲመረው ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይላል። ልጆቹ እጃቸው ፈጣን ነው። ፎንቱን እኩል ያደርጋሉ፣ ኮማውን ይደረድራሉ። ግን የደራሲው ስም ከአባቱ ስም ጋር ተገለባብጦ እንደገባ፣ ወይም ጥናቱ የተካሄደበት ዓመት ሪፖርቱ ከታተመበት ዓመት ጋር እንደተምታታ እነሱ ከየት ያውቃሉ? ያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እንስማማ። መጨረሻ ገጽ ላይ ያለውን ዝርዝር በእጅ አትነካኩት። ዝርዝሩ የሚወጣበትን መረጃ አስተካክሉ። ኮማና ነጥብ የሶፍትዌር ሥራ ነው። ስም፣ ዓመት፣ ቅጽና ገጽ ግን የናንተ ነው፤ በተለይ የአበሻ ስምና የኛ ዘመን አቆጣጠር ሲመጣ ሶፍትዌሩ እያየ ገደል ይገባል።

መጀመሪያ መመሪያው

የምትልኩበትን ጆርናል ድረ ገጽ ክፈቱና ለደራሲዎች የተጻፈውን መመሪያ ፈልጉ። ሙሉውን ለማንበብ ትዕግሥት ባይኖራችሁ እንኳ ሪፈረንስ የሚለውን ክፍል አንብቡ። በቁጥር ነው የሚጠቀሰው ወይስ በስምና በዓመት? ቁጥሩ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ነው ወይስ ከመስመሩ ከፍ ብሎ በትንሹ? የጆርናል ስም በሙሉ ይጻፋል ወይስ ያጥራል? "ኤት አል" (እና ሌሎችም) የሚባለው ከስንተኛው ደራሲ በኋላ ነው? ዲኦአይ (የጽሑፉ ዲጂታል መለያ) ግዴታ ነው? የሪፈረንስ ብዛት ገደብ አለው? የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ከዚያ 70 ሪፈረንስ ይዞ 40 ብቻ የሚቀበል ጆርናል ደጅ ይቆማል።

መመሪያውን ካያችሁ በኋላ ጆርናሉ ሰሞኑን ያወጣውን አንድ ጽሑፍ አውርዱና የመጨረሻ ገጹን ጎን ለጎን ክፈቱት። መመሪያ ሳይታደስ ብዙ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ሁለቱ ከተጋጩ እኔ የታተመውን ነው የማምነው።

አንዳንድ አሳታሚዎች ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላክ፣ ወጥ እስከሆነ ድረስ የፈለጋችሁትን ስታይል ይቀበላሉ። መመሪያው እንዲህ ካለ ሌሊቱን ተኙበት።

ቫንኩቨርና ኤፒኤ

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ከሆናችሁ፣ ማለትም ሕክምናና ጤና ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥማችሁ ቫንኩቨር የሚባለው የአጠቃቀስ ስታይል ነው። ስሙ የመጣው የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች በ1978 ካናዳ ውስጥ ቫንኩቨር ላይ ተሰብስበው የጋራ ሕግ ስለተስማሙ ነው (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ የፈረንጅ ነው)። ጽሑፉ ውስጥ ቁጥር ይገባል። ቁጥሩ የሚሰጠው ምንጩ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ነው፤ ያው ምንጭ ኋላ ሲመለስ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ሳይኮሎጂ፣ ትምህርትና ማኅበራዊ ሳይንስ ላይ ኤፒኤ የሚባለው ስታይል ይበዛል። አሁን የሚሠራበት 7ኛው እትም ነው፣ በ2019 የወጣው። እዚያ ጽሑፉ ውስጥ ስምና ዓመት ይገባል፣ ዝርዝሩም በፊደል ተራ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችውን ሉሲን ጨምሮ ስለ ሐዳር ግኝቶች ጆሃንሰንና ታይብ በ1976 ኔቸር ላይ ጽፈዋል። ስትልኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ግን ሥርዓተ ነጥቡን እንድታዩት በፊደላችን ልገልብጠው። በቫንኩቨር እንዲህ ነው፦

ጆሃንሰን ዲሲ, ታይብ ኤም. ፕሊዮ-ፕላይስቶሲን ሆሚኒድ ዲስከቨሪስ ኢን ሃዳር, ኢትዮጵያ. ኔቸር. 1976;260(5549):293-7.

በኤፒኤ ደግሞ፦

ጆሃንሰን, ዲ. ሲ., & ታይብ, ኤም. (1976). ፕሊዮ-ፕላይስቶሲን ሆሚኒድ ዲስከቨሪስ ኢን ሃዳር, ኢትዮጵያ. ኔቸር, 260(5549), 293–297.

ቀስ ብላችሁ እዩት። ቫንኩቨር ላይ የስም ምኅጻሩ ነጥብ የለውም። ከዓመቱ በኋላ ሰሚኮለን ነው፣ ቀጥሎ ቅጹ፣ በቅንፍ ቁጥሩ፣ ከዚያ ኮለንና ገጹ፣ በመሀል ክፍት ቦታ የሚባል የለም። ገጹም አጥሮ 293-7 ሆኗል። ኤፒኤ ላይ ነጥቡ ተመልሷል፣ ዓመቱ ወደ ፊት መጥቶ ቅንፍ ገብቷል፣ ገጹ በሙሉ ተጽፏል። የጆርናሉ ስምና ቅጹ ዘመም ብለው ይጻፋሉ፣ መጨረሻ ላይ ዲኦአዩ በሊንክ መልክ ይከተላል። ይሄን ለሃምሳ ምንጭ በእጅ እሠራለሁ የሚል ሰው ካለ ጀግና ነው፣ ግን ጀግንነቱን ለሌላ ነገር ቢያውለው ይሻላል።

መሣሪያው

ሪፈረንስ ከሚያደራጁት ሶፍትዌሮች ኢንድኖት ጥሩ ነው፣ ግን በዶላር ይከፈልበታል። ሜንዴሌይ በነፃ ይገኛል፣ ከ2013 ጀምሮ የኤልሴቪየር ነው። እኔ የምመክረው ዞቴሮን ነው። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ በ2006 የወጣ ነው፣ ነፃ ነው፣ የዶላር ካርድ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራል። ለኛ ከተማ ይሄ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለት ነገር ጫኑ፦ ዋናውን ፕሮግራምና ከድረ ገጽ ላይ ምንጭ የሚያስገባላችሁን የብራውዘር ኮኔክተር። የወርዱ ማያያዣ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ወርድ ስትከፍቱ ላይ ዞቴሮ የሚል ታብ ካላያችሁ ከዞቴሮ ሴቲንግ ገብታችሁ እንደገና ጫኑት። አካውንት ክፈቱና ሲንክ አብሩት። የምንጮቹ መረጃ ያለ ገደብ በነፃ ይቀመጣል፤ ለፒዲኤፍ የሚሰጠው ነፃ ቦታ ግን 300 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ አትደንግጡ፣ የፋይል ሲንኩን አጥፉና መረጃው ብቻ ይሂድ። ፒዲኤፉን ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ፍላሽ ላይ ብቻ አትተማመኑ፣ የፍላሽና የቫይረስ ነገር መቼም ይታወቃል።

ምንጩን ማስገባት

ንጹሑ መንገድ ዲኦአይ ነው። በ10 ቁጥርና በነጥብ የሚጀምረው ረጅም መለያ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ዞቴሮ ላይ የአስማተኛ ዘንግ የምትመስለዋን ምልክት ተጫኑና ዲኦአዩን ለጥፉ፣ ምንጩ ተሞልቶ ይመጣል። የፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ) ቁጥርና የመጽሐፍ አይኤስቢኤንም እዚያው ይሠራል። አለበለዚያ የጆርናሉን ገጽ ከፍታችሁ ኮኔክተሩን ጠቅ ማድረግ ነው።

ጉግል ስኮላር ላይ ካለው የሳይት ቁልፍ ገልብጦ መለጠፍ ግን ይቅርባችሁ። ቅጽ አለ ቁጥር የለም፣ ስም አለ ግማሹ ተቆርጧል፣ እንዲህ ያለ ነገር ይበዛበታል።

ቻትጂፒቲን ሪፈረንስ ስጠኝ ማለት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ርዕሱ የሚያምር፣ ደራሲው በዘርፉ የሚታወቅ፣ ጆርናሉም ያለ ሆኖ ጽሑፉ ግን በምድር ላይ የሌለ ሊሆን ይችላል። ከእንዲህ ያለ ቦታ የመጣ ምንጭ ካላችሁ ዲኦአዩን ክፈቱ፣ ጽሑፉን አግኙ፣ አንብቡት። ካልተገኘ ይውጣ።

ጽዳት፦ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ

ምንጩ ገባ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። እያንዳንዱን ጠቅ አድርጋችሁ በቀኝ በኩል ያሉትን ሳጥኖች ተመልከቱ።

ርዕሱን አስቀድሙ። ከአንዳንድ ጆርናሎች የሚመጣው ርዕስ እያንዳንዱ ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ቫንኩቨርም ኤፒኤም የጽሑፍ ርዕስ ላይ ይሄን አይፈልጉም። ርዕሱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ወደ ሴንተንስ ኬዝ ቀይሩት፣ ከዚያ የአገርና የከተማ ስም፣ እንደ ኤችአይቪ ያለ ምኅጻረ ቃል አብሮ ትንሽ ፊደል እንዳይሆን አንድ ጊዜ አንብቡት። ሶፍትዌሩ ትንሹን ወደ ትልቅ ራሱ መቀየር ይችላል፣ ትልቁን ወደ ትንሽ መመለስ ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ሁልጊዜ በትንሹ አስቀምጡ።

ቀጥሎ ደራሲው ድርጅት ሲሆን። የዓለም ጤና ድርጅት በእንግሊዝኛ ሲገባ ሶፍትዌሩ ሰው ይመስለውና የመጨረሻውን ቃል የአባት ስም ያደርገዋል። ከዚያ ዝርዝራችሁ ላይ "ኦርጋናይዜሽን ደብሊውኤች" የሚባል ሰው ብቅ ይላል። መፍትሔው የስሙ ሳጥን አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭኖ ሁለቱን ሳጥን አንድ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ስም። የኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራስ ስም አለ፣ የአባት አለ፣ የአያት አለ። የፈረንጅ ስታይል ግን የግድ አንዱን የቤተሰብ ስም አድርጎ ወደ ፊት ያመጣዋል፣ በተለምዶም የሚመጣው የአባት ስም ነው። ስለ አርዲ (የአፋሯ ጥንታዊ ቅሪተ አካል) በ2009 ሳይንስ ጆርናል ላይ የወጣውን ጽሑፍ እዩ። ሰባት ደራሲ አለው። በቫንኩቨር ስድስቱን ጠቅሶ ኤት አል የሚለውን ሕግ ከተከተላችሁ እንዲህ ይመጣል፦ ዋይት ቲዲ, አስፋው ቢ, በየነ ዋይ, ኃይለ-ሥላሴ ዋይ, ላቭጆይ ሲኦ, ሱዋ ጂ, ኤት አል. እኛ ብርሃነ አስፋው ብለን የምናውቃቸው ሰው "አስፋው ቢ" ሆኑ፣ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ "ኃይለ-ሥላሴ ዋይ"። ሰባተኛው ግደይ ወልደገብርኤል ደግሞ ኤት አል ውስጥ ገቡ። ኤፒኤ ቢሆን ኖሮ እስከ 20 ደራሲ ድረስ ስለሚዘረዝር ሰባቱም ይጠሩ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው አንዱ ጆርናል በራስ ስም፣ ሌላው በአባት ስም ሲያወጣ ነው። አንድ ሰው ዝርዝራችሁ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀመጣል። ሦስት ስም የሚጽፉ ደራሲዎች ሲሆኑ ደግሞ አንዴ በአባት አንዴ በአያት ይመጣሉ። እንደ ኃይለ ሥላሴ፣ ወልደ ገብርኤል፣ ገብረ መድኅን ያሉት ጥምር ስሞች በእንግሊዝኛ ተለያይተው ከተጻፉ ሶፍትዌሩ መሀላቸውን ቆርጦ "ሥላሴ" ብቻውን የቤተሰብ ስም ይሆናል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ጽሑፉ ራሱ ላይ ወይም ፐብሜድ ላይ እንዴት እንደተመዘገበ አይታችሁ እንደዚያው አድርጉ። ጥምር ስም ከሆነ ደራሲው እንደሚጽፈው፣ በሰረዝም ይሁን ተጣብቆ፣ ሙሉውን በአንድ ሳጥን አስገቡ። ዶ/ር፣ ፕሮፌሰር፣ አቶ የሚባል ማዕረግ ሪፈረንስ ላይ አይገባም፣ ሰውዬው የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ።

የታሪክና የኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ ላይ ከሆናችሁ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የኢትዮጵያዊ ስም ሳይገለበጥ በራስ ስም መጀመሩ የተለመደ ነው። የጆርናሉን ልማድ አይታችሁ እንደ ድርጅት ስም በአንድ ሳጥን ብታስገቡት ሶፍትዌሩ አይገለብጠውም።

እግረ መንገዴን፣ ለራሳችሁ ስምም አንድ አጻጻፍ ምረጡና በዚያው ጽኑ። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ መለያ በነፃ አውጡ። አለዚያ ነገ እናንተም የሰው ዝርዝር ላይ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ።

የአገር ቤት ምንጮች

ዲኦአይ የሌለው ምንጭ እዚህ ይበዛል፣ በእጅ ከመሙላት ሌላ መንገድ የለውም።

የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳውን፣ ሁላችንም ኢዲኤችኤስ የምንለውን፣ እንውሰድ። ጤና ላይ የሚጽፍ ሰው ሳይጠቅሰው የሚያልፍ አይመስለኝም፤ አጠቃቀሱን ያህል ከሰው ሰው የሚለያይ ነገርም የለም። የ2016ቱ ደራሲ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና አይሲኤፍ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ናቸው፣ የታተመበት ቦታ አዲስ አበባና ሮክቪል፣ ሜሪላንድ ይላል፣ ዓመቱ 2016። የ2011ዱ ዳሰሳ ሪፖርት ግን የታተመው በ2012 ነው፤ አይሲኤፍም ያኔ አይሲኤፍ ኢንተርናሽናል ነበር፣ ቦታውም ካልቨርተን። የ2019ኙ ሚኒ ዳሰሳ ሪፖርት ደግሞ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የአይሲኤፍ ሆኖ በ2021 ወጣ። ዳሰሳው የተካሄደበት ዓመት ርዕሱ ውስጥ ይገባል፣ የኅትመቱ ዓመት በዓመት ሳጥኑ ውስጥ። ኤጀንሲው ኋላ ስሙን ቀየረ ብላችሁ የድሮውን ሪፖርት በአዲሱ ስም አትጥቀሱ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ነው የሚሄደው።

ሕግ ስትጠቅሱ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚታተም የእንግሊዝኛውን ዓምድ ተጠቀሙ። ሕገ መንግሥቱ በአማርኛው አዋጅ ቁጥር 1/1987 ነው፣ በእንግሊዝኛው 1/1995። አማርኛውን አይቶ 1987 ብሎ የላከ ሰው ሕገ መንግሥቱን በደርግ ዘመን አጸደቀው ማለት ነው።

በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ላይ ግን ቀያሪው እናንተ ናችሁ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ከታተመ 7 ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ጻፉ፤ 2005 ዓ.ም. ከሆነ 2012/13 ይሆናል። ርዕሱን በላቲን ፊደል ገልብጣችሁ ትርጉሙን በማዕዘን ቅንፍ አስከትሉ፣ ቋንቋው አማርኛ መሆኑንም ጠቁሙ።

የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፍ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው፣ ከተማው፣ የዲግሪው ዓይነትና ዓመቱ ይግባ። ያ ጽሑፍ ኋላ ጆርናል ላይ ወጥቶ እንደሆነ ፈልጉ፤ ከወጣ ጆርናሉን ጥቀሱ።

ወርድ ላይ

ሳይቴሽን (ጽሑፉ መሀል የሚገባው ማጣቀሻ) የሚገባበት ቦታ ላይ ከርሰሩን አቁሙ፣ ዞቴሮ ታብ ውስጥ አድ ሳይቴሽን የሚለውን ተጫኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታይል ምረጡ ይላችኋል፤ የጆርናላችሁ ስም ከሌለ ከዞቴሮ የስታይል ማከማቻ ፈልጋችሁ አውርዱ፣ ከ10 ሺህ በላይ አለ። የጆርናል ስም እንዲያጥር ከተፈለገ እዚያው መስኮት ላይ የሜድላይን ምኅጻር ተጠቀም የሚለውን ምልክት አድርጉበት።

አንድ ቦታ ላይ ሦስት ምንጭ ካላችሁ ሦስቱንም በአንዱ ሳጥን ውስጥ አስገቡ። ያኔ [2–4] ሆኖ ይወጣል። ለየብቻ ካስገባችኋቸው [2][3][4] ይሆናል፣ ኤዲተሩም በእጅ እንደተነካካ ይገባዋል። ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ የተጠቀሰ ምንጭ ደግሞ ቁጥሩን የሚያገኘው ሠንጠረዡ ጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠራበት ቦታ ተራ ነው። ሠንጠረዦቹን ከመጨረሻ ከደረደራችሁ ሶፍትዌሩ ይሄን አያውቅም፣ ቁጥሩን ይረብሸዋል። ስትጽፉ ሠንጠረዡን በቦታው አቆዩት፣ ወደ መጨረሻ የምታወርዱት ስትልኩ ነው።

አብሮ መጻፍ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። አንዱ ጉግል ዶክስ ላይ ይከፍተዋል፣ አንዱ ታክሲ ውስጥ በስልኩ ከፍቶ ሴቭ ያደርገዋል፣ ሲመለስ ሳይቴሽኑ ሁሉ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሳይቴሽን የሚያስገባ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሌላው ሰው ኮሜንት ላይ ዲኦአዩን ይተው፣ ያ ሰው ያስገባዋል። ፕሮፌሰሩ በእጃቸው "(ከበደ፣ 2015)" ብለው ጽፈው ቢልኩላችሁም አትከራከሩ፣ ዝም ብላችሁ በዞቴሮ ተኩት።

ከመላካችሁ በፊት

ሪፍሬሽ ተጫኑ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቡ፦ ዓመት የሌለው፣ ገጽ የሌለው፣ ሁለቴ የገባ አለ? ተመሳሳዩን ከዞቴሮ ውስጥ አዋሕዱት እንጂ ከወርዱ ላይ አትሰርዙት። ዲኦአዮቹን እየነካችሁ ክፈቱ። ዞቴሮ ከጆርናሉ የተሰረዘ ጽሑፍ ካገኘ በቀይ ያስጠነቅቃል፤ ቀይ ካያችሁ ምን ሆኖ እንደተሰረዘ አንብቡና ጽሑፋችሁ በሱ ላይ የቆመ ከሆነ እንደገና አስቡበት። ያልታተመ የቃል መረጃ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፣ ጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ ይቀራል። ፕሪፕሪንት (ገና በጆርናል ያልተገመገመ ጽሑፍ) ከሆነ ፕሪፕሪንት መሆኑ ይጻፍ።

ጆርናሉ ሳይቴሽኑን ከዞቴሮ ጋር የሚያያዘው ኮድ እንዲወጣ ከጠየቀ አንሊንክ የሚለውን ተጫኑ፣ ግን በኮፒው ላይ። ዋናውን ፋይል ስሙን ለውጣችሁ አስቀምጡት፣ ሪቪወሮቹ ሦስት ምንጭ ጨምሩ ሲሏችሁ የምትመለሱት ወደሱ ነው።

ሪጀክት ሆኖ ወደ ሌላ ጆርናል ከሄደ ከዶኩመንት ፕሪፈረንስ ስታይሉን ቀይሩ፣ በደቂቃ ውስጥ ሁሉም ይገለበጣል። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ አስተካክሉ። ቫንኩቨር ላይ ሳላችሁ "[4] እንዳሳየው" ብላችሁ ከጻፋችሁ ወደ ኤፒኤ ሲቀየር ዓረፍተ ነገሩ በቅንፍ ይጀምርና ይሰበራል። መጀመሪያውኑ "ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ [4] እንዳሳዩት" ብላችሁ ጻፉት፤ ከዚያ ወዲያ ስትቀይሩ ስሙ ሁለቴ እንዳይመጣ ሳይቴሽኑን ጠቅ አድርጋችሁ ደራሲውን አስቀር የሚለውን ምረጡ።